የግራዝማች አድማሴ ጉድጓድ ምስክሮች

ግራዝማች አድማሴን ግራዝማች ብሎ የሾማቸው ማን እንደሆነ በመካነ ሰላም የሚያውቅ ሰው የለም። ከደሴ የመጣ የሹመት ወሬ አልሰማንም፤ ካባም ሲደርብላቸው አላየንም። እኔ እንደምገምተው አንድ ቀን ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ራሳቸውን ሾሙ። አጥራችን አንድ ስለሆነ ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ጆሮ ነው። ሚስታቸውን እትዬ ንግሥቴን ጠርተው፦

«ከዛሬ ጀምሮ አድማሴ እንዳትይኝ። ግራዝማች በይኝ» አሉ።

«እሺ ግራዝማች» አሉ እትዬ ንግሥቴ። «እንግዲያው ያን እንጨት ይፍለጡ፤ እሳቱ ጠፋ።»

የግራዝማችነታቸው ማስረጃ ጉድጓዱ ነበር። በግቢያቸው መሐል፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ አባታቸው ያስቆፈሩት የእህል ጉድጓድ አለ። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ፣ ዙሪያው በጭቃና በጭድ የተመረገ። በውስጡ ወግዲ ካለው ርስታቸው የመጣ የዓባይ ቆላ ማሽላ እስከ አፉ ሞልቷል ይላሉ። ርስቱን ያየ የለም። ማሽላውን የጫኑትን አህዮችም ያየ የለም። ጉድጓዱን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ ግራዝማች ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ።

«የክፉ ቀን ነው፤ አይነካም» ይሉ ነበር ክዳኑን በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ።

ሰርግ ላይ ከፊት የሚቀመጡት በዚያ ጉድጓድ ነው። ሽምግልና ሲያዝ «ግራዝማችስ ምን ይላሉ?» የሚባለውም በጉድጓዱ ነው። የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ የማይረባ ነበር፤ ግን የተከደነ ጉድጓድ ያለው ሰው የማይረባ ነገር ቢናገርም ራስ ይነቀነቅለታል።

ከዚያ ክፉው ቀን ራሱ መጣ። የስድሳ አምስቱንና የስድሳ ስድስቱን ረሃብ ለወሎ ሰው ላስረዳ አልነሳም፤ የማያውቅ ካለ እናቱን ይጠይቅ። እኛ ከተማ ያን ጊዜ ሥራ ያልፈታው ቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ብቻ ነበር። ቅሬያችን የእስላም ነው የክርስቲያን ነው አይባልም፤ የሞተውን ሁሉ አብረን እንቀብራለን። ዳኛው ሼህ ጀብሪል ናቸው። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፤ በዚያ ዓመት ግን ጉልበት ያለው ስለጠፋ ሼህ ጀብሪል ቅጣቱን ትተው ሰበብ ብቻ ይቀበሉ ነበር። የነገሯቸውን ሰበብ ሁሉ አይረሱም።

በየቀብሩ መልስ ሰው የሚያልፈው በግራዝማች ደጃፍ ነው። ሁሉም ጉድጓዱን እያየ ያልፋል።

«ግራዝማች፣ ክፉ ቀን ያሉት ይሄ አይደለም እንዴ?» ይላቸዋል አንዱ።

«ይሄ? ይሄ ምን አላት! ክፉ ቀን ገና ነው» ይላሉ፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ።

ጠዋት ጠዋት እትዬ ንግሥቴ ወፍጮ ላይ ሲሆኑ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ድምፁ ትንሽ ይደርቅብኝ ነበር፤ ድንጋይ ለድንጋይ ሲፋጭ ዓይነት። እኛ ግን ምራቃችንን እየዋጥን «ይሄኔ እኮ ማሽላውን እየፈጩ ነው» እንላለን። የእርዳታ ስንዴ የመጣ ጊዜም ለሁሉ ሲታደል ግራዝማችና ሚስታቸው ተዘለሉ። «ጉድጓድ ላለው ሰው ስንዴ? ነውር አይደለም?» ተባለ። እትዬ ንግሥቴ እንደ ክር ሲቀጥኑ ባየን ቁጥር «ይሄ ንፉግ ባሏ ገደላት!» ብለን ግራዝማችን እናማለን። ሐሜት በባዶ ሆድም ይቻላል፤ ይሄንን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

ረሃቡ አለፈ፤ አብዮቱ መጣ። በስድሳ ስምንት ቀበሌ ተቋቋመ፤ ልብስ ሰፊው አራጌ ሊቀመንበር ሆነ። ዘማች ተማሪዎችም መጡ። አለቃቸው ክንፈ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጎፈሬው በር ሲገባ ጎንበስ የሚያሰኝ፣ የሱሪው እግር መንገድ የሚጠርግ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ችግሩ ፊውዳል እንዲያጋልጥ ተልኮ ፊውዳል ማጣቱ ነበር። ዋናዎቹ ባለመሬቶች ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ዓባይ በረሃ ከወረዱ ቆይተዋል። እዚህ የቀረ ጭሰኛ፣ ሸማኔ፣ ቸርቻሪና ዲያቆን ነው።

«እንዴት አንድ ከተማ ያለ ፊውዳል ይኖራል?» ብሎ አራጌን ቢያፋጥጠው፣ አራጌ ሌላ የሚለው ስላጣ «ግራዝማች አድማሴ አሉ» አለው።

ስሙን እንደጠራ አፉን የያዘ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ።

ስብሰባው በግራዝማች ግቢ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ተጠራ። ከደሴ የመጣ ጭነት መኪና መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ጥፋተኛ ከተገኘ የሚሄደው በእሱ ነው። በዚያ ጊዜ ደሴ ለተወሰደ ሰው ራት አይቀመጥለትም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግራዝማችም ያውቃሉ። ቢሆንም ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ክዳኑ ላይ ተቀመጡ። በከተማችን ፊውዳል አይደለህም ቢባል የሚቀየም ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ግራዝማች አድማሴ የምትባለው አንተ ነህ?» አለ ክንፈ።

«አንቱ ስትለኝ እመልስልሃለሁ» አሉት።

ክንፈ ወደ ሰዉ ዞር ቢል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁበት። ጎፈሬውን አከከ።

«እሺ፤ ግራዝማች አድማሴ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይህ ጉድጓድ እህል አለበት?»

ግራዝማች ዙሪያውን አዩን። አንድ በአንድ። «የለበትም» ቢሉ በዚያችው ቅጽበት ሰርግ ላይ የፊት ወንበር የለም፣ ሽምግልና የለም፣ ግራዝማችም የለም። ከዘራቸውን ክዳኑ ላይ መቱ።

«እስከ አፉ!» አሉ።

እትዬ ንግሥቴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ በነቢ! ውሸታቸውን ነው! ባዶ ነው፤ እኔ የተዳርሁ ዕለትም ባዶ ነበር!»

«ዝም በይ አንቺ!»

«አልልም! መኪናውን አያዩትም?»

ክንፈ እንዲከፈት አዘዘ። ድንጋዩ ተነሳ። ልጁ ወዲያው ዘሎ ሊገባ ሲል ሼህ ጀብሪል በሱሪው እግር ያዙት፤ ሱሪው ለመያዝ ይመቻል። «ቆይ ልጄ፤ ጉድጓድ ሲከፈት ይተንፍስ እንጂ። አብዮቱም ሬሳህን አይፈልገውም» አሉት። ጉድጓዱ ተንፍሶ ሲያበቃ ልጁ ፋኖስ ይዞ ወረደ። ጎፈሬው የሸረሪት ድር ለብሶ ወጣ።

«ከጀበና ስባሪ በቀር አንድ ፍሬ ማሽላ የለም!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። ያን ሁሉ ዓመት ምራቁን ሲውጥ የኖረ ሕዝብ «ወይኔ!» ብሎ ይጮኻል ስል ማንም አልደነገጠም። ግማሹ መሬት ያያል፤ ግማሹ ጥፍሩን። ቄሳችን አባ በላይ ሰማይ ያያሉ። እትዬ ንግሥቴ ግን እፎይ ብለው ደረታቸውን ያዙ። «አላልሁም? በሉ አሁን ልቀቋቸው።»

«እንለቃቸዋለን?» አለ ክንፈ። «ከተማው በሙሉ ሞልቷል ሲል ኖሯል። አሁንም በራሳቸው አፍ እስከ አፉ ብለዋል። ታዲያ የት ሄደ? ሕዝብ ሲያልቅ ለነጋዴ ሸጠውታላ! ይሄ እኮ ከመቅበርም የከፋ ነው።»

ግራዝማች ያኔ ነው የተረዱት። ሞልቶ ቢገኝ የቀበሩ፣ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሸጡ። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ኖሮበት አያውቅም» አሉ። እንዲያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «አባቴም ባዶውን ነው ያወረሰኝ። ክዳኑን ነው ያወረሰኝ።»

«ማን ያምንዎታል? በረሃቡ ጊዜ ባዶ እንደነበረ ያየ ምስክር አለ?»

ክንፈ ሰዉን ዞሮ አየ፤ የተነሳ የለም።

«እኔ አለሁ!» አሉ እትዬ ንግሥቴ።

«ሚስት ምስክር አትሆንም።»

«ሚስት አትሆንም? ባዶ ወፍጮ ስፈጭ የከረምሁት ለማን ነው? ስንዴው ሲታደል ከዚህ አጥር ሥር ቆሜ አላየሁም? እናንተ ቁና ቁና ስትሸከሙ እኔ 'እግዜር ይስጥልን፣ እኛ አለን' እያልሁ አልመለስሁም? አንዳችሁ እንኳ!»

አንዳችንም ቀና አላልን። የመኪናው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። ሁለት ዘማቾች ግራዝማችን በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። ያኔ ቄስ በላይ ሳሉ። የቅዳሴ ሳል አልነበረም።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ባዶነቱን። በረሃቡ ጊዜ። የአህመድ እናት የተቀበሩ ዕለት።»

ሼህ ጀብሪል ቀስ ብለው ዞሩ። «አባ፣ ያን ዕለት 'ቀሚሴ ታጥቦ አልደረቀም' ብለው አልነበር ቀብር የቀሩት?»

«አልደረቀም ነበር፤ ወላሂ!»

«እና በእርጥብ ቀሚስ ጉድጓድ ገቡ?»

«ሳልለብስ ነው የገባሁት።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ክንፈ ጠጋ አለ። «ለምን ገቡ?»

«ለጸሎት ነው ብልህ ታምነኛለህ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው ለማሽላ ነው። ክዳኑን አነሳሁ፤ ወረድሁ፤ ባዶ። ግራዝማች አሽሽተውታል ብዬ መልሼ መረግሁት። ለማን ልናገር? ባዶ ነው ብል 'በየት አዩት?' ልባል አይደል? መርጌ ስጨርስ ጭራዬን ከውስጥ ረስቼው ኖሯል።»

ጭራ ሲባል የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ወይዘሮ ወርቂቱ ዞረ። ነገሩን ላስረዳ። ወርቂቱ ጠላ ሻጭ ናት። በጠላ ቤቷ ምሰሶ ላይ የቄስ በላይ ጭራ፣ እጀታው የቀንድ የሆነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ዝንብ ይባረርበት ነበር። የቄስ ጭራ ጠላ ቤት ምን ያደርጋል? ከተማው መልሱን ለብቻው አግኝቶታል። የቄሱ ሚስት ወይዘሮ አሰጋሽም አግኝተውታል፤ ከዚያ ወዲህ አባ በላይ የሚያድሩት ከጥጆች ጋር ነው።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች ወርቂቱ ወገቧን ይዛ። «አዎ፣ ከጉድጓዱ ነው ያነሳሁት። ባዶ እጄን ከምወጣ ብዬ። ጭራውን ሳይ 'አባ በላይ ቀድመውኝ ጠርገውታል' አልሁ። ለምጽዋት ሲመጡ 'እርስዎ ደግሞ ምን ጎድሎብዎት!' እያልሁ የምመልሳቸው ለምን ይመስላችኋል?»

ወይዘሮ አሰጋሽ ከመሐል ዘለው ተነሱ። «እልልልል! ባሌ ሌባ ነው! እሰይ፣ ሌባ ነው! ሌባ ብቻ ነው!»

ወርቂቱንም አቀፉና ሳሟት። ከዚያን ቀን በፊት በአንድ መንገድ አይሄዱም ነበር።

ክንፈ ግን አልረካም። «ቄስና ጠላ ሻጭ፤ ሁለቱም ጎረቤት፤ ሁለቱም የድሮው ሥርዓት ሰዎች። ተማክረው ይሆናል። ከአብዮቱ ወገን የሆነ ምስክር አለ?»

«አለ» አለች ወርቂቱ። «እኔም እኮ ቁናዬን ከውስጥ ረስቼ ነው የወጣሁት። ጠርዙ በቀይ ጠፍር የተጠገነ ቁና። ከሥሩ የተቃጠለ ነው፤ ምድጃ ላይ ጥዬው።»

እኛ ጠርዙ በቀይ ጠፍር የተጠገነ አንድ ቁና እናውቃለን። የቀበሌው ቁና ነው። የሚታደለው እህል ሁሉ በሱ ይሰፈራል። አራጌ ራሱ አንስቶ እያሳየ «ይህ የሕዝብ ቁና ነው! ከእንግዲህ በባላባት ቁና አንሰፈርም!» ብሎ ያስጨበጨበን ቁና ነው።

አንዱ ሮጦ አመጣው። ተገለበጠ። ከሥሩ ተቃጥሏል።

አራጌ ላቡን ጠረገ። «ቁና ሁሉ ቁና ነው። ከገበያ የተገዛ ነው» አለ።

እውነቱን ለመናገር አልፈረድሁበትም። ቄሱ ቢያፍሩ ቄስ ናቸው፤ ንስሐ አላቸው። ወርቂቱ ብታፍር ጠላዋ ይጠጣል። ሊቀመንበር ግን የግራዝማች ጉድጓድ ገባ ከተባለ ቀበሌው መሳቂያ ነው፤ እሱም በዚያው መኪና ሊሄድ ይችላል። ዝም ካለ ደግሞ የሚሄዱት ግራዝማች ናቸው። ግራዝማች አልለመኑትም። ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ ሲሄዱ እንኳ እንደ ግራዝማች ለመሄድ።

እትዬ ንግሥቴ ብቻ ወደ አራጌ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው እንደ እናት ነው።

«አራጌ፣ ልጄ፣ ጥርስህ ተሻለህ?»

«ምን ጥርስ?»

«የአልታዬ ቀብር ዕለት ያመመህ ነዋ። እኔ ራሴን አዙሮኝ ከመንገድ ስመለስ እዚህ ግቢ አገኘሁህ። እጅህ እስከ ክርንህ ጭቃ። 'ጥርሴን አሞኝ ነው፤ ጭቃ ለጥርስ ጥሩ ነው' አልኸኝ። እኔም ይማርህ ብዬህ ገባሁ።»

ሼህ ጀብሪል ጢማቸውን ዳበሱ። «ወላሂ፣ ለእኔም ጥርሴን ነው ያለኝ። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።»

አራጌ እትዬ ንግሥቴን አየ። ያኔ ነው የገባው መሰለኝ፤ ሴትዮዋ ሲያውቁ ኖረው አንድ ቀን አልተነፈሱበትም፤ ዛሬም ሌባ አላሉትም፤ ጥርስህ እንዴት ነው ብቻ አሉት። ቁናውን ከመሬት አነሳና ለወርቂቱ ሰጣት።

«ባዶ ነበር» አለ። «ከዚህ ቁና በቀር ምንም አልነበረም። ልጆቼ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጓድ ክንፈ፣ ከፈለግህ እኔን ጫነኝ።»

ሊቀመንበሩ ካለማ ሌላው ምን ይፈራል! «እኔም ገብቻለሁ!» አለ አንዱ። «እኔም! የጀበናው ስባሪ የኔ ነው!» አለች ሌላዋ። «እኔ ክዳኑን አንስቼ ፈርቼ ተመለስሁ፤ ይቆጠርልኛል?» አለ አንድ ሽማግሌ። መጨረሻ ላይ ጭራሽ ያልገቡትም እንዳይቀሩ እጃቸውን ያነሱ ይመስለኛል። እኔ የረሃቡን ጥቂት ወራት አጅባር አማቶቼ ዘንድ ስለነበርሁ አልገባሁም። ሚስቴ እስከ ዛሬ «አገር ሁሉ ሲገባ አንተ ብቻ!» እያለች ትሰድበኛለች።

ክንፈ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለ። «ይሄ ከተማ ሙሉ በሙሉ ሌባ ነው!»

«ልጄ» አሉት ሼህ ጀብሪል፣ «የተሰረቀ ነገር ኖሮ ነው?»

ልጁ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ጎፈሬው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ነበር። እጁን ወደ ሾፌሩ አወዛወዘ። መኪናው ባዶውን ሄደ።

ጉዳዩ እዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። ግራዝማች ግን ከዘራቸውን አንስተው፣ ጋቢያቸውን መልሰው አጣፍተው፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ከመሐላችን ቆሙ።

«ሌቦች! በአባቴ ጉድጓድ! እኔ ሙታን ስቀብር እናንተ ግቢዬን ስትቆፍሩ! ቅሬው ይፍረድልኝ!»

«ኧረ ግራዝማች፣ አሁን እኮ ከሞት ነው ያወጣንዎ!» አለች ወርቂቱ።

«አውጥታችሁኛል፤ ሌቦች ግን ናችሁ! ይፈረድልኝ!»

ሼህ ጀብሪል በዚያው ክዳን ላይ ተቀምጠው ፈረዱ። «ሰው ግቢ መግባት ነውር ነው፤ ቀብር መቅረት ግን የባሰ ነው። የገባ ሁሉ ለአዝመራ አንድ አንድ ቁና እህል ይዞ ይምጣ፤ በወርቂቱ ቁና። ጉድጓዱ ውስጥ ይገለበጥ። ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓዱ የቅሬው ነው።»

«የአባቴ ጉድጓድ?»

«እርስዎም ጥፋት አለብዎት፤ ሚስትዎን ድንጋይ ያስፈጩ ሰው ነዎት። እርስዎ ጠባቂ ይሁኑ። ክዳኑ የሚነሳው ግን ንግሥቴ አንሱ ስትል ነው።»

አዝመራው ደግ ሆነ። ማሽላ ያለው ማሽላ፣ የሌለው ገብስ ይዞ መጣ። ግራዝማች «ጉድጓዴን ቅይጥ አደረጋችሁብኝ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ዋሉ፤ አንድ ቁና ባለፈ ቁጥር ግን አንገታቸው ሲረዝም አየሁ። አባ በላይ ጭራቸው ተመልሶላቸው ቤታቸው ማደር ጀምረዋል፤ የዚያን ዕለት የመጨረሻውን ቁና የገለበጡት እሳቸው ናቸው፤ ቀሚሳቸውን ለብሰው።

ኋላ ኋላ ግራዝማች ነገሩን በሌላ መልክ ያወሩት ጀመር። «እኔ እኮ አውቄ ነው። ሕዝቡ ጉድጓዱን እያየ ተስፋ አድርጎ እንዳይሰደድ ብዬ ነው» ይላሉ። ይቺን ሰበብ ከስብሰባው ወዲህ ያገኟት ይመስለኛል። ደግሞ ማን ያውቃል፤ እኔም ራሴ ከአጅባር የተመለስሁት ጉድጓዱ ትዝ ብሎኝ ነበር።

አሁንም ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባለፈው አንድ የገቢ ሰብሳቢ መሳይ እንግዳ በደጃፉ ሲያልፍ ቆም ብሎ «አባት፣ ይሄ ጉድጓድ እህል አለበት?» አላቸው።

«ባዶ ነው!» አሉ ግራዝማች፣ ከዘራቸውን እየመቱ። «እንኳን እህል፣ አይጥ የለበትም! ይህን ሕዝብ ጠይቅ፤ ከተማው በሙሉ ገብቶ አይቶታል!»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እኔም እውነት ነው ብዬ ማልሁለት። ከቤት ውስጥ ግን የእትዬ ንግሥቴ ወፍጮ ይሰማ ነበር፤ ድምፁም እንደ ድሮው ደረቅ አልነበረም። ግራዝማች ብድግ ብለው ወደ ቤቱ እየሮጡ፦

«ቀስ በይ አንቺ! ሰው እየሰማ ነው!» አሉ።